ቅቤ የተቀባችው ኤሊ

ቶይባ ከሚሴ ውስጥ ቅቤዋ ከስሟ ቀድሞ የሚጠራ ሴት ናት። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወርዳለች፤ በቀሩት ቀናት ቅቤ ፈላጊው ራሱ ደጇ ድረስ ይመጣል። ለእሷ ቅቤ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ራሱን ያመመው አናቱ ላይ ይደረግለታል፤ ሆዱ የደረቀበት ለጋውን ይውጣል፤ አራስ፣ ሙሽራ፣ ከመንገድ የገባ፣ ከሐኪም ቤት የወጣ፣ ሁሉም ቅቤ ያሻዋል ባይ ናት። አንድ ጊዜ ዝጎ እንቢ ያለ የበር ቁልፍ በቅቤ አሽታ ከፍታለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ የሚከራከራት አልተገኘም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት እጅ ላይ ነው ሁለት ኤሊዎች በአደራ የወደቁት።

ኤሊዎቹ የጎረቤቷ የጋሽ ፈቃደ ናቸው። ጋሽ ፈቃደ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ነገርን ሁሉ በአንቀጽ ካልከፋፈሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ሴቷን ኤሊ ሚስታቸው ማንአልሞሽ በሕይወት ሳለች በጨፋ ሸለቆ በኩል ስትመጣ አስፋልት መሐል አገኘቻት፤ መኪና ሳይደፈጥጣት በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣቻትና «ጨፌ» አለቻት። ወንዱ ኋላ የተጨመረ ነው። ሣር ፊቱ ተቀምጦለት እንኳ ሩብ ሰዓት ሳያስብ ስለማይበላ ጋሽ ፈቃደ «ዳኛው» ብለው ሰየሙት። ማንአልሞሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ኤሊዎቹ ግን ግቢውን እየዞሩ ይኖራሉ፤ የሰፈሩ ልጆችም ግቢውን «መነ ቆጫ» ይሉታል፣ በኦሮምኛ የኤሊ ቤት ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ፈቃደን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ልጃቸው ሳምሶን መኪና ይዞ ከአዲስ አበባ እየበረረ መጣ። የኋላ ወንበር ላይ ትራስ ተደራርቦላቸው ከተጋደሙ በኋላ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ጋሽ ፈቃደ መስኮቱን አስወርደው ቶይባን ጠሯት።

«ቶይባ፣ ቀዶ ጥገናው፣ ማገገሚያው፣ ሁሉም ተደምሮ ሦስት ወር ነው የሚሉኝ። ኤሊዎቹን ካንቺ ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም።»

«አብሽሩ ጋሽ ፈቃደ። እኔ እያለሁ!»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሳምሶን ከፊት መሪውን ይዞ ተቀምጧል። «ይህ ልጅ ቤቱን ሸጠህ እኔ ጋ ኑር እያለ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ! እስካሁን ያመለጥኩት እነሱን ለማን ጥዬ እያልኩ ነው። እነሱ አንድ ነገር ከሆኑ እኔም ማምለጫ የለኝም፣ ይኸው ነው።»

ቶይባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉላት እኚህ ሰው ናቸው። ማንአልሞሽ ያረፈች ጊዜ ደግሞ ቶይባ ሰባት ቀን ቤቷ አላደረችም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «ቶይባ፣ አደርሽ?» ሲሏት፣ እሷም «አልሀምዱሊላህ!» ብላ ስትመልስ ነው ቀኑ ቀን የሚሆነው። ልጆቿ ሁሉ ወጥተው ሄደዋል። ያ ድምፅ ከጠፋ ከማን ጋር ትውላለች?

«አማናዎትን ተቀብያለሁ» አለች። «ወላሂ፣ እንደሰጡኝ ነው የምመልስልዎ።»

«አደራ ጥብቅ ነው…» አሉ ጋሽ ፈቃደ።

«…ሰማይ ሩቅ ነው» ብላ ጨረሰችላቸው። መኪናው ሄደ።

አንድ ወረቀት ትተውላት ነበር፤ በመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፍ፣ አሥራ አራት አንቀጽ። ቶይባ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠረችውን ፊደል አንድ በአንድ እያነሳች አነበበችው። አንቀጽ አንድ፦ ምግባቸው ሣር፣ አረምና የቁልቋል ቅጠል ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦና ወተት ክልክል ነው። አንቀጽ ሁለት፦ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ጥላ። አንቀጽ ሦስት፦ በሳምንት አንድ ቀን ለብ ባለ ውሃ፣ ውሃው ከአንገታቸው ሳያልፍ፣ ለሩብ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ። እንዲህ እያለ እስከ ውሻና ጭልፊት ድረስ ይወርዳል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ኤሊዎቹንም ወደ ራሷ ግቢ አመጣቻቸው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። ቶይባ እሾሁን በቢላ እየላጠች ቁልቋል ትቆርጥላቸዋለች፤ ከጎረቤት ሣር ትለምናለች። ሰው እንኳ እንደዚያ ተለምኖ አይበላም። ዳኛው አስቦ አስቦ ሲጎርስ፣ ጨፌ ቀድማ የእሱን ድርሻ ስትወስድበት እያየች ብቻዋን ትስቃለች። ሰዎች ከቅቤው በላይ ስለ ኤሊዎቹ ሲጠይቋት ደስ ይላታል። ጋሽ ፈቃደም አርብ አርብ ይደውላሉ፤ ስለ ዳሌያቸው አንድ ቃል፣ ስለ ኤሊዎቹ ግማሽ ሰዓት።

ኅዳር ሲገባ ነፋሱ ደረቀ። አንድ ቀን ጠዋት ቶይባ ጨፌን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ስታያት የጀርባዋ ድንጋይ ነጣ ብሏል፤ ከላዩ ላይም ሥሥ ነገር ተቀርፏል። አመዷ ወጥቷል። ቶይባ አፈረች። እሷ ባደገችበት አገር ሰው ልጁን ዘመድ ቤት ሲያስቀምጥ፣ ልጁ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው እግሩና ራሱ ነው። አመዳም ሆኖ ከተመለሰ «አልተያዘም» ነው የሚባለው። ደህና ነበር ብሎ አስተማሪም ሐኪምም ቢመሰክር የሚያምን የለም። የሰው አደራ ተቀብላ አመዳም አድርጋ ልትመልስ ነው? ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ደግማ አነበበችው። አሥራ አራቱ አንቀጽ ውስጥ ቅቤ የሚል ቃል የለም። ቅቤ አትቀቢ ብሎ ደግሞ ማን ይጽፋል?

ከለጋው፣ ከጠዋቱ፣ በሁለት ጣቷ አንስታ የጨፌን ጀርባ እሽት አደረገችው። ዳኛው ሽታው ሲደርሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆይ ወሰነና እንጨት ክምር ሥር ገባ፤ ስታባብለው ብትውል አልወጣም። ጨፌ ግን ተቀባች፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቢጫው ቢጫ ሆኖ አበራ። ቶይባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማሻአላህ! ሙሽራ!»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቅባት ሆነ። የከሚሴ ፀሐይ ደግሞ ቅቤ አያሳድርም፤ ገና ሳይረፍድ ቀልጦ ይወርዳል። ቶይባ ይህን ስታይ ጨፌን ቅቤ የምታስቀምጥበት ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ታውላት ጀመር። ወረቀቱ ጠዋት ፀሐይ ይላል፤ እሱን ለጥቂት ጊዜ አገደችው። ጋሽ ፈቃደ ሲደውሉ «ጨፌ እንዴት እንዳማረባት ቢያዩ!» ትላቸዋለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው።

ከአምስተኛው ሐሙስ በኋላ በማክሰኞው ጉንዳን መጣ። ጨፌም ቁልቋሉን አሸተተችና ጭንቅላቷን መልሳ ወደ ውስጥ ሳበች። በማግሥቱም እንዲሁ። ሽታም ነበር። ቶይባ ከርሞ የሻገተ ቅቤ ሽታን ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች፤ ይህ እሱ አይደለም። ውሃ አሞቀች፤ ከአፈርና ከገለባ ጋር ተቦክቶ የደረቀውን ቅቤ በጨርቅ እያራሰች ጠረገችው። ከጀርባዋ በስተግራ፣ የእጅ መዳፍ በማይሞላ ቦታ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ድንጋዩ እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

እጇን እንደተፈጀ ሰው ሳበችው። «ያ ረቢ! ድንጋይ ይበሰብሳል?»

የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ ሁለት ላም፣ አንድ ያበጠ ጉልበት ያለው ግመልና ብዙ ፍየል ተሰልፎ ነበር። ቶይባ ጨፌን በቅቤ ባልዲ ይዛ ከግመሉ ኋላ ቆመች። የሚያውቋት ሁሉ «ቶይባ፣ ቅቤው ታመመ እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። ተራዋ ሲደርስ ሐኪሟ ጀነት፣ ቦቲ ጫማዋን ያላወለቀች ቀጠን ያለች ልጅ፣ ባልዲውን ከፍታ አየች። አሸተተችም።

«እትዬ ቶይባ፣ ምን ቀቧት?»

«ቅቤ ነው ልጄ፣ ጀርባዋ አመዱ ወጣ ብዬ። ለጋ ነው፣ ወላሂ ምንም ያልገባበት ንጹሕ…»

ጀነት ልትስቅ ጀመረችና የቶይባን ፊት ስታይ ተወችው። «የኤሊ ድንጋይ ልብስ ይመስልዎታል፤ ግን አጥንት ነው፣ እሷ ራሷ ናት። ፀሐይ ይፈልጋል፣ መድረቅ ይፈልጋል። አመድ ያሉት አመድ አልነበረም፤ በጊዜው እንዲሁ የሚቀረፍ ነው። ቅቤው እርጥበቱንና ቆሻሻውን ይዞ ከሥር አስቀመጠው። ፀሐይስ ታገኝ ነበር?»

ቶይባ መሬት መሬት አየች። «ቅቤው እንዳይቀልጥ ብዬ…»

«ሱብሀነላህ» አለች ጀነት፣ ግን ክፉ አድርጋ አልነበረም። እሷም ኤሊ አክማ አታውቅም። ወደ ቀድሞ አስተማሪዋ ደውላ ብዙ ጠየቀች፣ እየሰማች ጻፈች። ከዚያ የላላውን ፍቃ አወጣች፣ አጠበች፣ በውሃ የቀጠነ አዮዲን አደረገችበት። ቶይባንም እንዲህ ብላ አዘዘቻት፦ ጠዋትና ማታ በልስልስ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ አዮዲን መቀባት፣ ፈጽሞ ማድረቅ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ሲበረታ ጥላ፤ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ።

«ትድናለች?» አለች ቶይባ።

«አላውቅም እትዬ። ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ትድናለች። መብላት ከጀመረች ያኔ ተስፋ እናደርጋለን።»

በዚያ ሳምንት ከሚሴ አንድ ያልለመደችው ነገር አየች፤ ቶይባ ሰንበቴም ባቲም አልወረደችም። ጥላ ዘርግታ ግቢዋ ውስጥ ከጨፌ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ እጇን ታወዛውዛለች፣ ፀሐይዋ ስትዞር ኤሊዋን ታዞራለች። ወረቀቱንም ከግድግዳ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ «ከታመሙ ሳትዘገዪ ንገሪኝ» ይል ነበር። እሱን ስታነብ ሁልጊዜ ዓይኗን አሻግራ ወደ አሥር ታልፋለች።

አርብ ጋሽ ፈቃደ ደወሉ። «እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለች። ዳኛውን አስባ ነው እንዲህ ያለችው፤ ግን እንዲህ ማሰቧ ራሱ ውሸቱን አባሰባት።

በሚቀጥለው አርብ ድምፃቸው ደክሟል። «በክራንች መራመድ ጀምሬያለሁ። ጎንበስ ማለት ግን ከእንግዲህ የለም አሉኝ። ሳምሶን ቤቱን የሚገዛ ሰው አግኝቷል። ኤሊዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና…» አለችና ስልኩን ከዘጋች በኋላ አለቀሰች። ጨፌ ካልበላች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር።

ሐሙስ እንደሚመጡ የሰማችው በሰኞው ነው፤ ሳምሶን ደውሎ «ዕቃ ልንሸክፍ ነው» አላት። በዚያው ቀን ከሰዓት ዙቤይዳ ከባቲ ስትመለስ ጎራ አለች። ዙቤይዳ በቅቤ ንግድ ሃያ ዓመት አብራት የዞረች ጓደኛዋ ናት፤ ለማንኛውም ችግር መፍትሔ አታጣም፣ መፍትሔዋ ሌላ ችግር ይሁን እንጂ።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ጆንያዋን ፈታች፤ የጨፌን መታመም ከገበያ ሰምታለች። ከጆንያው ውስጥ አንዲት ኤሊ ወጣች። የጨፌን ያህል ናት፣ እንደ ጨፌ ጥቁርና ቢጫ። ድንጋይዋ ያለ ምንም እንከን ያበራል፤ ዙሪያዋን አየችና ወዲያው የዳኛውን ሣር መብላት ጀመረች።

«የጨፋ ገበሬ ማሽላው ውስጥ ያገኛት ናት። የሰውየው ዓይን ደክሟል፣ ሦስት ወርም አላያት። ኤሊ ኤሊ ነው። ያቺን ጓዳ አድርጊያት፣ ብትሞትም ማንም ሳያውቅ… ይህችን ስጫቸው። ደስ ብሏቸው ይቀራሉ፣ አንቺም ጎረቤትሽን አታጪም። ማን ይጎዳል?»

ቶይባ አዲሷን ኤሊ አነሳቻት። ከብዳለች፤ እግሯን አየር ላይ እየቀዘፈች ጤነኛነቷን ታሳያለች። እውነት ለመናገር ቶይባ ረጅም ጊዜ ይዛት ቆመች። ጋሽ ፈቃደ ሲመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው «ተመስገን» ሲሉ፣ ሳምሶን ካርቶኑን መልሶ ሲጭን ታያት። ጠዋት «አደርሽ?» ሲሏት ታያት። ከዚያ በየጠዋቱ ለዚያ ጥያቄ «አልሀምዱሊላህ» ብላ መመለስ እንዳለባት ታያት።

«ዙቤይዳ፣ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስሸጥ አንድ ቀን ቅቤዬ ላይ ሙዝ ጨምሬ ከልሼ አውቃለሁ?»

«አንቺ? አላህ ያውቃል፣ አንድም ቀን።»

«ሰው ሁሉ ሲከልስ እኔ ቅቤ ያልከለስኩ ሴት፣ አሁን ኤሊ ልከልስ?» ኤሊዋን ወደ ጆንያው መለሰቻት። «ካገኛት ቦታ ይመልሳት በይው። አማናው ከሞተም ሞተ ብዬ ነው የምመልሰው።»

ዙቤይዳ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያ ጎረቤትሽን ተሰናብተሽ ተቀመጪ» ብላ ጆንያዋን ተሸክማ ወጣች።

ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የሳምሶን መኪና የጋሽ ፈቃደ በር ላይ ሲቆም ቶይባ ቀድማ እዚያ ነበረች። ጋሽ ፈቃደ በክራንች ተደግፈው ሲወርዱ ቀጥነዋል፣ ጢማቸውም አድጓል። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰቻቸውም።

«ጋሽ ፈቃደ፣ አማናዎትን አበላሽቻለሁ። ጨፌን አመዷ ወጣ ብዬ ቅቤ ቀባኋት፣ ጓዳም አስቀመጥኳት። ጀርባዋ በሰበሰ። ሐኪም አይታታለች፣ እያከምኳት ነው፣ ግን አሥራ ሰባት ቀን አልበላችም። በስልክ ደህና ናት ያልኩት ውሸቴን ነው። የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ጋሽ ፈቃደ ወደ ግቢዋ ገቡ። ጨፌ ጠፍጣፋ ሳፋ ውስጥ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንገቷን ዘርግታ ተኝታለች፤ በግራ ጀርባዋ ላይ የተፋቀው ቦታ በአዮዲን ቢጫ ሆኗል። ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፣ ዳሌያቸው አልፈቀደም፤ ቆመው አዩዋት። ከዚያ በቀስታ «ማንአልሞሽ በነጠላዋ ነበር ያመጣቻት» አሉና ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሳምሶን ሁለቱንም ኤሊዎች ከነሳፋው ወስዶ በረንዳው ላይ አስቀመጠላቸው። በሩ ተዘጋ።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲጎተት፣ ፕላስተር ሲቀደድ በአጥሩ ማዶ ሰማች። መግሪብ ሰግዳ ዱዓ ስታደርግ ሌላ የምትለምነው ነገር ጠፍቶባት ስለ አንዲት ኤሊ ብቻ ለመነች፤ አላህ ከዚህ ያነሰም ይሰማል ብላ ታምናለች።

በማግሥቱ ጠዋት ቶይባ ግቢዋን ስትጠርግ፣ በአጥሩ ላይ ጩኸት መጣ።

«ቶይባ! ቶይባ! ነይ ቶሎ! በላች! ጨፌ በላች!»

መጥረጊያውን ከእጇ ሳትጥል ነው የሮጠችው። ጋሽ ፈቃደ በረንዳው ላይ በክራንቻቸው ቆመው፣ እንዳኮረፏት ፈጽሞ ረስተው፣ በአገጫቸው ይጠቁሟታል። ጨፌ የዳኛውን ቁልቋል ቀምታ ጫፉን ገምጣዋለች፤ አረንጓዴው ውሃ በአገጯ ላይ ይወርዳል። ዳኛው አጠገቧ ቆሞ ስለ ጉዳዩ ገና እያሰበ ነው። ቶይባ ከነመጥረጊያዋ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣ።

«አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ!»

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ፈቃደም፤ ከዚያ ኩርፊያቸው ትዝ ብሏቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐኪሟን ጥሪያት። በሥርዓቱ ትታይ።»

ጀነት ላም ስታዋልድ አድራ በቀጥታ መጣች። ተንበርክካ የጨፌን ጀርባ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ ቀድሞ እሺ ብሎ ይገባ የነበረው ቦታ ሁሉ አሁን ደረቅ ድምፅ ሰጠ። «ጠንክሯል» አለች። «ወደ ውስጥም አልዘለቀም። አጥንቱ ንጹሕ ነው። እትዬ ቶይባ፣ አንድ ቀን አላጓደሉም ማለት ነው።»

«ስለዚህ ድናለች?» አለ ሳምሶን። አንድ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ እያሸገ ነበር።

«ሞቱን አልፋለች። ግን ድንጋይዋ የተፋቀው ቦታ ከሥር ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ፣ መዘፍዘፍ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ አለ። ከተቋረጠ ይመለሳል። ጉዞም ፎቅም አትችልም፣ መሬት ያስፈልጋታል።»

«እስከ መቼ?» አሉ ጋሽ ፈቃደ።

«ሦስት ዓመት። አራትም ሊሆን ይችላል።»

ጋሽ ፈቃደ ቀና አሉ። ቶይባ ከዚያ በፊት ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ብርሃን ያየችው ማንአልሞሽ በሕይወት ሳለች ነበር። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰማህ ሳምሶን? አራት ዓመት።»

«ሦስት ነው ያለችው አባዬ።»

«አራት ሊሆን ይችላል ተብሏል። እኔ ነኝ መዝገብ ያዥው።»

ሳምሶን ካርቶኑን አስቀመጠ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አባትህ ብቻቸውን ወድቀው ተገኙ የሚለው ስልክ የደረሰው ለእሱ ነው፣ ያ ፍርሃት አልለቀቀውም። «እሺ፣ አባዬ፣ ማን ያነሳታል? ማን ያጥባታል? አንተ ከእንግዲህ ካልሲህን እንኳ ከመሬት ማንሳት አትችልም። ስትወድቅስ ማን ይሰማል?»

ቶይባ «እኔ» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያበላሸች ሴት በምን አፏ ነው ደግሞ ስጡኝ የምትለው? መጥረጊያዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ጋሽ ፈቃደ ግን እሷን ነበር የሚያዩት።

«ቅቤ መቀባት ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለመጻፌ የእኔ ጉድለት ነው፤ ይያዝ» አሉ። «አንቀጽ ዘጠኝ ግን ነበር። ታማ አልነገርሽኝም፤ ይህ ያንቺ ጥፋት ነው። ደግሞ ሳልጠይቅሽ በር ላይ ተናግረሻል፤ ይህም ይያዝ።» ክራንቻቸውን አመቻቹ። «ቶይባ፣ አራት ዓመት ተፈርዶብሻል። ጠዋትና ማታ እዚህ ግቢ መጥተሽ ጎንበስ ትያለሽ። ኤሊዋን ታነሻለሽ፣ እኔም ወድቄ እንደሆነ ታነሺኛለሽ።»

ቶይባ ልትስቅም ልታለቅስም ሞከረች፤ ሁለቱም እንቢ አሏት።

«ይግባኝ አልልም፣ ጋሽ ፈቃደ» አለች።

ሳምሶን አባቱን አየ፣ ቶይባን አየ፣ ቁልቋሉን የጨረሰችውን ኤሊም አየ። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያሸገውን ካርቶን ፕላስተር ከጫፉ ይልጥ ጀመር።